ቁጭ ብላ ነው የምትውለው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሥራ የሚባለው ላብ ወይም ጭስ ያለበት ነገር ነው። ገብስ መፈተግ ሥራ ነው፤ ኩበት መጠፍጠፍ ሥራ ነው፤ አረቄ ስታወጣ እሳት ላይ የዋለች ሴት ማታ «ወይ ወገቤ!» ብትል የሚጠራጠራት የለም። ላፕቶፕ ፊት ስምንት ሰዓት የቆየችው ወገቧን ስትይዝ ግን «ደግሞ ከምኑ?» ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ ከቤቷ ሆና ሶፍትዌር የምትጽፍ ሴት የሥራ መደቧ በጎረቤት አንደበት «ቁጭ ብላ ነው የምትውለው» ነው። ደመወዟ የተሰማ ዕለት ደግሞ ያው ዓረፍተ ነገር ቃለ አጋኖ ይጨመርበታል።

ቁጭ ያለ ሰው ለመላክ ይመቻል። ፓስወርድ የረሳ፣ ፎቶ የጠፋበት፣ ዲሹ ነፋስ ያዞረበት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። «አንቺ የኮምፒውተር አይደለሽ እንዴ? እስቲ ይቺን ፍሪጅ እያት።» ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር በሙሉ አንድ ዘር ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ፍሪጁና ዳታቤዙ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ቡናው ነው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጥሩ ስለሆነ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ እንቁላል በቅርጫት ተሸክሞ እንደሚሄድ ገበያተኛ ነው፦ ይሄኛው ያንን ይጠራል፣ ያኛው ባዶ ከመለሰ ይሄ ይወድቃል፣ ይሄ ከወደቀ ደግሞ የደንበኛው ክፍያ ሁለቴ ይቆረጣል። ልክ ቅርጫቱ ሞልቶ መንገድ ሲጀመር እትዬ በአጥሩ በኩል «ቡና ደርሷል! አንድ ስኒ ብቻ!» ይላሉ። ደርሷል የተባለው ቡና ገና አልታጠበም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ከበረካ በፊት መነሳት ምርቃት ረግጦ መሄድ ስለሆነ አይሞከርም።

መድኃኒቱ አለመሄድ አይደለም። ከመነሳቷ በፊት ሁለት ነገር ታደርጋለች። አንደኛ፣ ቀጥሎ ልትጽፈው ያሰበችውን በአንድ መስመር ተራ አማርኛ ኮዱ መሀል ላይ ታሰፍራለች። ሁለተኛ፣ የሚወድቅ ቴስት (ኮዱ ልክ መሥራቱን የሚፈትሽ፣ ሲወድቅ ቀይ ሲያልፍ አረንጓዴ የሚያበራ ትንሽ ፕሮግራም) ሆን ብላ ትታ ትሄዳለች። ስትመለስ ቴስቱን ታስነሳዋለች፤ ቀይ የበራበት ቦታ የተነሳችበት ነው። አረንጓዴ ትቶ የሄደ ሰው ግን ሲመለስ ሁሉም ደህና ይመስለውና «ምን ልሠራ ነበር?» ሲል ግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ከዚያ ብርዱ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጋቢ ትከሻን እንጂ ጣትን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ጫፉ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ያስፈልጋል። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መሥራት ግን ከስህተቶች ሁሉ የመጨረሻው ነው፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ከእሱ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ደግሞ የለም።

ከሰማይ ብርሃን ወርዶላት ስም ያገኘች ከተማ ውስጥ መብራት ጠፋ ብሎ መቀለድ ያረጀ ነገር ነው፤ በቀጥታ ወደ ዋቱ እንሂድ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ቀድሞ የሚሞተው የዋይፋዩ ሳጥን ነው። አብዛኛው ሳጥን 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ፓወር ባንክ የሚሰጠው 5 ነው። ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ገመድ መሀል ከገባ፣ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 12 ዋት የሚበላውን ሳጥን አራት ሰዓት ግድም ያቆየዋል። ሲገዛ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ነው፤ 9 የሚፈልገውን 12 ያጎረሱት እንደሆነ ሁለተኛ አይርበውም። የተጻፈውን መዝግቦ (ኮሚት አድርጎ) ወደ ሩቅ ማከማቻው መላክ ደግሞ እንደ እግዜር ሰላምታ ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሳይሰለቹ። በጎረቤት ምጣድ ላይ ሁለተኛ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ ዝቅ ካለ፣ ያልተላከ ኮድ ይዞ መቀመጥ እብደት ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ተራው ቀን ነው። ዋናው ጣጣ የሚመጣው የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እሑድ ከሰዓት በር ያንኳኩ ዕለት ነው። ጸሐፊው ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል። «ልጄ፣ ይህን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ እንድታወጪልን ነው። ያው ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው? ያንቺ መጫን ብቻ ነው።» ክፍያ አይነሳም። ለእድር ገንዘብ የጠየቀ ሰው ነገ ማን ይቀብረዋል?

መዝገቡ ሲገለጥ የመጀመሪያው ወጥመድ ስም ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ቢሆን ንባቡ አንድ ነው፤ ስድስት። ሥ በእሳቱም በንጉሡም ይጻፋል፤ ሁለት። ሴም እንደዚያው፤ ሁለት። ተቀጥሎ ወይም ተለያይቶ፤ ሁለት። ስድስት በሁለት በሁለት በሁለት ሲባዛ 48። በእዝባር ማሳጠሩን ገና አልቆጠርንም። ለጸሐፊው አንድ ጎረቤት የሆኑት ሰውዬ ለኮምፒውተሩ 48 ሰው ናቸው፤ መስከረም የከፈሉት ሌላ፣ ጥቅምት የቀሩት ሌላ፣ ቅጣት የወደቀባቸው ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይበጃል። አንዱ ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ይሆንና ሐመሩም ብዙኃኑም ወደ ሃሌታው፣ ንጉሡ ወደ እሳቱ፣ ፀሐዩ ወደ ጸሎቱ፣ ዓይኑ ወደ አልፋው ተለውጠው ይገቡበታል። ሁለተኛውን ዓምድ ለሰው ማሳየት ክልክል ነው። ድቁና የተማሩ አዛውንት ኀ ተነጥቀው በሃሌታው ሀ ሲጻፉ ካዩ፣ ስብሰባው ስለ ሶፍትዌር መሆኑ ይቀርና ስለ ግእዝ ይሆናል፤ እስኪመሽም አያልቅ።

ስልክ ቁጥር እንደ ቁጥር ከተመዘገበ መነሻዋ ዜሮ ትጠፋለች፤ 09ም ይሁን 07፣ እንደ ጽሑፍ ይያዝ። ቀላል ነው፤ እንለፈው።

ጳጉሜን ግን አትታለፍም። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር በአብዛኛው ዓመት 12 ወር ነው ብሎ ነው የተወለደው፤ 13 ሲሰጡት «ስህተት» ይላል። በፈረንጅ ወር መባቻ እንዲነሳ የተደረገ የቅጣት ማሳሰቢያ የሚደርሰው የእኛ ወር ሊያልቅ ሲል ነው። «ቀኑን በሠላሳ አካፍዬ ወሩን አገኛለሁ» ያለች ደግሞ በየዓመቱ የሚተርፉት አምስትና ስድስት ቀኖች ሲጠራቀሙ በስድስት ዓመት ውስጥ ያልነበረ አንድ ወር ትፈጥራለች፤ ለዚያ ላልነበረ ወርም ሰፈሩ ሁሉ ባለዕዳ ይሆናል። ቀኑ ዳታቤዙ ውስጥ ተራ የቀን ቆጠራ ሆኖ ይቀመጥ፤ ወደ መስከረምና ጥቅምት የሚለወጠው ለዓይን ሲታይ ብቻ ነው። ጳጉሜን ስድስት መቼ እንደምትሆን ለማወቅ ዓመቱን ለአራት ማካፈል ነው፤ ቀሪው ሦስት ከሆነ ስድስት ናት። 2015 እንዲያ ነበር፣ 2019ም እንዲያው ነው። ይህን ሕግ ከኢንተርኔት ፈልጋ አግኝታ ደስ ብሏት ስትናገር እትዬ ስኒ እያጠቡ «ዘመነ ሉቃስ አትይም እንዴ ታዲያ!» ይሏታል። አልጎሪዝሙ እቤታቸው ነበር።

ቀጥሎ የእድሩ ዋና ጉዳይ፣ ሞት። ጀማሪ ፕሮግራመር አባል ሲሞት ከሰንጠረዡ ይሰርዘዋል፤ አሳማኝ ነው፣ የለማ! ነገር ግን ሚስትና ልጆች በእሱ ስር የተንጠለጠሉ ናቸውና፣ አንዱ ሲሰረዝ ተከታዩ ሁሉ እንዲሰረዝ ተደርጎ ከሆነ፣ ሟች ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል። ለቅሶ ላይ ያለችው ሴት እድር ልትቀበል ስትመጣ «እንዲህ የሚባል ቤት የለም» ትባላለች። እንደ ደንቡ ማንም አይሰረዝም፤ «ያረፉ» የሚል ምልክትና ቀን ነው የሚጨመረው፤ አባልነቱም ወደ ባለቤቲቱ ይዛወራል። የወረቀት መዝገቡ በዚህ በኩል ከኮምፒውተሩ ይብሳል። እዚያ ሴትዮዋ መጀመሪያውኑ ስም የላትም። ባሏ ካረፈ ዓመታት ቢያልፉም በየወሩ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ደረሰኙ በእሱ ስም፣ ገንዘቡ ከእሷ መቀነት። እንዲህ ያለ ታማኝ ከፋይ በሕያዋን መካከል አይገኝም።

እዚህ ላይ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ልጄ፣ ከበደሽ መሰል፤ የሚያግዝሽ ወንድ ባልደረባ የለም?» ይላሉ። በክፋት አይደለም። በ1940ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ኤኒያክ የተባለውን አዳራሽ የሚያህል ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ማሽኑ አጠገብ ቆመው የተነሱት ፎቶ ሲዞር ለዓመታት ስማቸው አልተጻፈበትም። በ1947 ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ሪሌ በሚባል የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ መሀል ገብታ ሞታ ተገኘች፤ ብልሽትን «ባግ» (ነፍሳት) ማለት ቀድሞም የነበረ ቢሆንም ይቺኛዋን በመዝገብ ላይ ለጥፈው አኖሯት። የእሳት እራቷ መዝገብ ገባች፤ ሴቶቹ ቀሩ። ይህን ለዳኛው ማስረዳት ግን በበረካም አያልቅ።

የመርዶ መልእክቱ ሌላ ነው። በላቲን ፊደል አንድ የስልክ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ይከፋፈላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚይዘው 67 ነው፣ ሦስቱ መገጣጠሚያው ይበላቸዋል። ኮሚቴው ያረቀቀው «ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ» ብሎ ጀምሮ 190 ሆሄ ላይ ያርፋል፤ ሦስት መልእክት። አባወራው 120 ከሆነ በአንድ ለቅሶ 360 መልእክት ይከፈልበታል። «የተከበራችሁ»ን እናውጣት? አይቻልም። «በሙሉ»ን? ማን ሊቀር ነው? ጡሩንባ ነፊው ከዳር ሆነው «እኔ ስንት ፊደል ተፈቅዶልኝ ነበር?» ይላሉ፤ ልክ ናቸው።

ስትሞክረው ደግሞ አደራ፣ በእውነተኛ ስልክ እንዳትሞክር። የሙከራ ሰንጠረዥ ለብቻ ይሠራል፣ ስሙ የውሸት፣ ስልኩ የራሷ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» ብላ በዋናው መዝገብ ላይ የመጀመሪያውን ስም መርጣ የላክን ቁልፍ የተጫነች ዕለት፣ ሦስት መቶ ስድሳው መልእክት ይበራል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ጋሪ ላይ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋይ እያሉ ይገባሉ። ሟች በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቆሎ ይቆረጥማሉ፤ ለቅሶው የማን እንደሆነ ሳያጣሩ እሳቸውም ተነስተው ማልቀስ ይጀምራሉ። ማስተባበያ ቢላክም ጥቅም የለውም፤ እሱም ሦስት ክፍል ነውና ሁለተኛው ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ወርሃዊ መዋጮ ሲጠየቁ «ሞቻለሁ አይደል?» ቢሉ መልስ የለም።

ብቻ በስንት መከራ ያልቃል። ሥራዋ ቀን የደንበኛ ስለሆነ የእድሩን ሌሊት ሌሊት ነው የጻፈችው፤ ሦስት ስብሰባ ያለፋትም በዚሁ ነው። በአራተኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ጸሐፊው «ኮምፒውተሩ ሥራችንን ስላቃለለልን እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያሰፍራሉ። በማግስቱ ሲስተሙ የመጀመሪያውን ቅጣት ያሰላል፤ ያለምንም ስህተት፣ ጳጉሜንን ቆጥሮ፣ ኃን ጠብቆ። ስልኳ ይጮሃል። «ለተከበሩ አቶ እገሌ፥ ባለቤትዎ በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ላይ ስላልተገኙ…» ይላል፤ ሦስት ክፍል ነው። ቤቱ በባሏ ስም ነው የተመዘገበው፤ ስልኩ ግን የእሷ ነው፣ ቁጭ ብላ የምትውለው እሷ ናትና።

ቅጣቱ እንዲነሳላት ሄዳ ስትጠይቅ ዳኛው ከልባቸው ያዝናሉ።

«እኛ ምን እናድርግ ልጄ? ሲስተሙ ነው ያለው።»