«እኔ ልጄን አልመታም» ለምትሉ

የኮዬ ፈጬ፣ የቱሉ ዲምቱና የየካ አባዶ ነዋሪዎች ሆይ፣ አለመምታት ብቻውን ከበደል አያነጻም። በልጅ ላይ የሚፈጸም በደል አካላዊ፣ ወሲባዊና ስሜታዊ ነው፤ ቸልታም አለበት። የብዙ አገር ጥናቶችን አጠናቅሮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ግምገማ እንዳሳየው፣ ስለ ልጅነታቸው ከተጠየቁት 36 ከመቶ ያህሉ ስሜታዊ በደልን፣ 23 ከመቶ ያህሉ ዱላን፣ 13 ከመቶ ያህሉ ወሲባዊ ጥቃትን ተናግረዋል። ከቀበቶው ይልቅ የምላሱ ይበዛል። የእነዚህን በደሎች ቁጥር ከባለሙያዎች ሪፖርት የሰበሰቡት ጥናቶች ግን ያገኙት ከ1 ከመቶ በታች ነው። ቀሪው በየቤቱ ተዳፍኖ ይቀራል።

«አንተ ደደብ፣ ምነው ባልወለድኩህ!» የሚለው ጩኸት የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ አልፎ ይሰማችኋል፤ በማግስቱ ቡና ላይ ግን ምንም እንዳልሰማ ትቀመጣላችሁ። ልጅን በበርበሬ ማጠንስ ቅጣት ነው? ጭሱ የመተንፈሻ ቧንቧን ያጠብባል፤ አስም ያለበትን ልጅ ሊገድል ይችላል።

ደላላ ከገጠር ያመጣላችሁን የ12 ዓመት ልጅ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ትላላችሁ። የወለዳችኋትስ ንጋት 11 ሰዓት ተነስታ ሊጥ ታቦካለች? ከሁሉም ኋላ በልታ ወጥ ቤት ወለል ላይ ትተኛለች? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ቢያደርግም የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ ትቷል፤ እናንተም ክፍተቱን መሸሸጊያ አደረጋችሁት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ግን ሕፃንን ከጉልበት ብዝበዛ ሲጠብቅ ቤትና ፋብሪካ አይለይም።

ልጅ ተደፍሮ ከሆነ ገላውን አታጥቡ። ልብሱን በፌስታል አትቋጥሩ፤ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል፣ በወረቀት ጠቅልሉት። ደጋግማችሁ አትጠይቁት፤ ያለውን በራሱ ቃል ጻፉና ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም፤ ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የተቋቋመ ማዕከል አለ።

እናንተ ሽማግሌዎችም፣ ስለ ካሳ ስትነጋገሩ ያ 72 ሰዓት ያልፋል። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ የእናንተ እርቅ ይህን ክስ አያስቀርም።