ተመራቂ ወደ ግቢው ለወረቀት ብቻ አይመለስ

በአገራችን የተመረቀ ሰው ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ሲፈልግ ነው። ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ጠፍቶበት፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተጠይቆ፣ ወይም ኮስት ሼሪንጉን ከፍሎ ዲግሪውን ሊያወጣ። ሬጅስትራር ጋ ይሰለፋል፣ ማህተም ያስመታል፣ ወደ መናኸሪያ ይሮጣል። ከዚያ ሌላ የሚጠብቀው ሰው የለም። ይሄ ያሳዝነኛል። የሚጎዳው ደግሞ ከተመራቂው ይልቅ ዛሬ ዶርም ውስጥ ያለው ተማሪ ነው።

ሰሞኑን ለሥራ ሐዋሳ ሄጄ ግማሽ ቀን ተረፈኝና ድሮ ወደተማርኩበት ግቢ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያዬን ተቀብሎ "ለየትኛው ቢሮ ነው?" አለኝ። ቢሮ እንደማልፈልግ፣ እዚህ ተማሪ እንደነበርኩ ነገርኩት። መዝገቡ ላይ "ጉዳይ" የሚል አምድ አለ። ምን ብሎ እንደሚሞላው ትንሽ አሰበ። ከዚያ "ጉብኝት" ብሎ ጻፈና "ግባ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ" አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ እንግዳ ብዙም እንደማያጋጥመው ግን ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ዛፎቹ ከማስታውሳቸው በላይ ገዝፈዋል። አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ላይብረሪው ውስጥ ግን የማውቀውን ነገር አገኘሁ። አንዱ ወንበር ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተገለጠ ደብተር፣ ክዳኑ የወለቀ እስክሪብቶ፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ጃኬት አለ። ባለቤቱ ምሳ ሄዷል። ግራና ቀኝ ያሉት አጎንብሰው ይቸክላሉ፤ ቦታውን ማንም አይነካበትም። እኛም ቦታ የምንይዘው እንዲሁ ነበር። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ጂሲው (ተመራቂው ተማሪ) ለፍሬሹ (ለአዲስ ገቢው) እያሳየው እዚህ ደርሷል።

ከላይብረሪው ወጥቼ ጥላ ሥር ስቀመጥ አጠገቤ ሃንድአውት የያዙ ልጆች ነበሩ። አንደኛው "ጋሼ፣ እዚህ ነው እንዴ የተማሩት?" አለኝ። አዎ ስለው ተጠጉኝ። ጂሲዎች ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ግቢው ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። "ሥራ እንዴት አገኙ?" ነው ያሉት። ከዚያ ጥያቄው ተከታትሎ መጣ። ሲቪ ላይ ልምድ የሌለው ሰው ምን ይጽፋል? "ዜሮ ዓመት" የሚለው ማስታወቂያ እውነት ዜሮ ዓመት ያለውን ይወስዳል? የመጀመሪያው ደሞዝ የቤት ኪራይ ይችላል? ኢንተርቪው ላይ ምን ይጠየቃል? የሚያውቁት ሁሉ ከቴሌግራም የሥራ ቻናል የለቀሙት ነው። ከዲፓርትመንታቸው ተመርቆ ሥራ ላይ ያለ ሰው በአካል አግኝተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

እኔም የማላውቀውን ከእነሱ ሰማሁ። እኛ ኮርሱን ጨርሰን፣ ጋዋን ለብሰን፣ ፎቶ ተነስተን ነው የወጣነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመውጫ ፈተና አለ። ከመቶ 50 ያላመጣ፣ ዓመታቱን በሙሉ በጥሩ ውጤት ቢያልፍም እንኳ፣ ዲግሪውን አይቀበልም። መግቢያውም ከባድ ሆኗል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሬሜዲያል የሚባለው፣ ያላለፉት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት፣ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የዛሬ ተማሪ ተጨንቆ ይገባል፣ ተጨንቆም ይወጣል። ትውልዱን ሰነፍ ነው እያሉ ከሩቅ ለሚተቹ አንድ ከሰዓት ከእነዚህ ልጆች ጋር እንዲቀመጡ እመክራለሁ።

የሥራው ጭንቀትም ከአየር የመጣ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ከተማው ስንት ተስፋ አድርጎ ነበር! በ2014 አገሪቱ ከአጎዋ፣ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ፓርኩ ክፉኛ ተጎዳ። እነዚህ ልጆች ይህን ሁሉ እያዩ ነው ያደጉት። "ተማር፣ ሥራ አታጣም" ቢሏቸው አያምኑም። መንገዱን የሄደበት ሰው ቁጭ ብሎ እንዴት እንዳለፈው ሲነግራቸው ግን ይሰማሉ። ደብተር አውጥተው ሲጽፉ አይቻለሁ።

ግቢው የራሱን ታሪክ የሚያውቅለት ሰውም ይፈልጋል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም አልተወለደም። መሠረቱ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነው። በ1992 ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ኋላ ዲላ ራሱን ችሎ ወጣ፣ የአሁኑም ስም መጣ። ደቡብ ክልልም የለም፤ ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ በ2015 የተረፈው ፈርሶ በአዳዲስ ክልሎች ተተካ። ዲግሪያቸው ላይ "ደቡብ ዩኒቨርሲቲ" የሚል ያላቸው ሰዎች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣ በየግቢው መምህራን ናቸው። እርሻ ኮሌጁን የጀመሩት ደግሞ ጡረታ ወጥተዋል። እነሱን ጠርቶ የሚያናግር ካልተገኘ የሚያውቁት ታሪክ አብሯቸው ይቀራል።

የተመራቂዎች ማህበር የሚባል ነገር አለ እኮ የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በየዩኒቨርሲቲው ይቋቋማል። ብዙውን ጊዜ ግን ሰብሳቢ ይመረጥና፣ ፎቶ ይነሱና፣ እዚያው ይቀራል። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እየመጣ ነው። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ በ2015 ጸድቋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። ሌሎቹም ተራቸው ሲደርስ ገቢ መፈለጋቸው አይቀርም፣ ዓይናቸውም ተመራቂው ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለዓመታት ያልጠሩትን ልጅ በመጀመሪያው ጥሪ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው። በቅድሚያ አንድ ከሰዓቱን ጠይቁት። ከተማሪ ጋር ተቀምጦ ያወራ ሰው ኮምፒውተር ለመግዛትም፣ ልጆችን አፓረንት (ለተግባር ልምምድ) ለመቀበልም ልቡ ይከፈታል።

እንዲያውም ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። በታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል ከየአቅጣጫው እንግዳ ይጎርፋል። ዩኔስኮ በ2008 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምባላላ፣ ሲደርስ ደግሞ የበዓሉ ቦታ ጉዱማሌ በሰው ይሞላል። ከእነዚህ እንግዶች ውስጥ የግቢው ልጅ የሆነ ሞልቷል። አሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ለልጆቹ አሳይቶ፣ ፍቅር ሐይቅ ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። ከግቢው በባጃጅ ርቀት ላይ ሆኖ ሳይገባ ይሄዳል። ስለማይወደው አይደለም፤ ለምን ጉዳይ እንደሚገባ ስለማያውቅ ነው። ከበዓሉ ማግስት ያለው ቀን የተመራቂዎች ቀን ቢባል የትራንስፖርት ወጪ እንኳ አይጠየቅም።

ለዚህ የሴኔት ውሳኔ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ዲፓርትመንት ኃላፊ ብቻውን ሊጀምረው ይችላል። አንድ ክላስ ክፍት ይደረግ። ኖቲስ ቦርድ ላይና ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ። በር ላይ ላሉት ጥበቃዎች ስም ዝርዝር ይሰጥ። ንግግር አይብዛ፣ ባነርም ይቅር። ጂሲዎቹ ይጠይቁ፣ የመጡት ይመልሱ። ከመውጫ ፈተናው ጥቂት ወራት ቀደም ቢል ደግሞ ለልጆቹ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ታኅሣሥ ለዚህም ይመቻል። ከጥላው ሥር ያገኘኋቸው ልጆች ስልኬን ወስደዋል። ለአንደኛው ሲቪውን አርሜ ልኬለታለሁ። የክፍል ጓደኞቼንም በግሩፓችን ጠይቄያቸው ነበር፤ ለመምጣት እሺ ያሉት ብዙ ናቸው፣ የሚጠራቸው ብቻ ነው የጠፋው።