መለዮ ከማውለቅ በፊት

የአገልግሎት ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ ወታደር ከሁለት ወገን ምክር ይጎርፍለታል። ቀድመው የወጡ ጓደኞቹ «ውጭ ደህና ደመወዝ አለ፤ ምን ትጠብቃለህ?» ይሉታል። አለቆቹ ደግሞ «ወጥተህ የት ትደርሳለህ?» ይሉታል። በእኔ እምነት ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። ወዶ ሳይሆን ፈርቶ ውሉን የሚያድስ ሰው ጥቂት አይደለም።

ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። የሲቪሉ ደመወዝ ሲያዩት ያጓጓል። ግን ቤቱን፣ ቀለቡንና ሕክምናውን ጦሩ ሲችለው ኖሯል። ነገ ይህ ሁሉ ከኪሱ ነው። ኪራይና ሕክምና ተቀንሶ የሚተርፈው ነው እውነተኛው ደመወዝ።

ጡረታውም አለ። በአሜሪካ ጦር በድሮው ሥርዓት፣ በጤና ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ 20 ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የወጣ ሰው በአብዛኛው ወርሃዊ ጡረታ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የገቡት ግን ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ቢወጡ፣ መንግሥት ያዋጣላቸውን ቁጠባ ይዘው ነው። ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የራስን ማንበብ ግድ ነው። ሦስት ዓመት ለቀረው፣ ጤናውና ቤተሰቡ ከፈቀዱለት፣ ጨርስ እለዋለሁ። 12 ዓመት ለቀረው ግን ጡረታ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይገባም። ያ ብዙ ዕድሜ ነው።

በአንድ ክፉ አዛዥ ተማርሮ መውጣትም ልክ አይመስለኝም። አዛዥ ይቀየራል።

የሚያሳዝነኝ «እኔ ከውትድርና ሌላ ምን አውቃለሁ?» የሚለው ነው። ሬዲዮ ይጠግናል፣ መጋዘን ይቆጣጠራል፣ በጭንቅ ሰዓት ሰው ይመራል። ችግሩ ይህን በሲቪል ቋንቋ አለመጻፉ ነው። «የሻምበል አዛዥ ነበርኩ» የሚለው ለቀጣሪ ብዙም አይነግረውም። «ከመቶ በላይ ሰዎችን፣ ተሽከርካሪዎቻቸውንና ንብረታቸውን አስተዳድሬያለሁ» ሲል ግን ወዲያው ይገባዋል። ይህ ዝግጅት ጊዜ ይፈልጋል። አሜሪካኖች የስንብት ዝግጅት ቢያንስ ከ365 ቀን በፊት እንዲጀመር በሕግ የደነገጉት ወደው አይደለም። መጨረሻው ወር ላይ ሥራ መፈለግ የጀመረ ሰው ያገኘውን ይቀበላል፤ ወይም ፈርቶ ይፈርማል።

ደግሞ የትዳር ጓደኛ አለች። በየዝውውሩ ሥራዋን እየተወች፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እያዛወረች የኖረችው እሷ ናት። ስለዚህ የደመወዙ ስሌትና የጡረታው ወረቀት መጀመሪያ እሷ ፊት ይቅረብ። ለአለቃ መልስ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።