ቀስ ለማለት የሚያሯሩጥ ካሜራ

ቀስ ማለት ፋሽን ሆኗል። ድሮ ቀስ የሚል ሰው ዘገምተኛ እየተባለ ይሰደብ ነበር። አሁን ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚዘገየው።

የአክስቴን ልጅ ውሰዱ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሮ ሹፌሩን "ወርጄ ልግፋልህ?" የሚል ዓይነት ሰው ነው። ባንክ ቤት ወረፋው እስኪደርሰው ሦስቴ ወጥቶ ይገባል። በቀደም ለቅሶ ቤት ሄዶ ንፍሮው ሳይዞር ወጣ። ይሄ ሰው አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ አንድ የእንጨት ካሜራ ይዞ መጣ። ምንድን ነው አልነው። "ቀስ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ዲጂታሉ አቻኩሎ አቻኩሎ ዓይኔን ገደለው" አለን።

አክስቴ ይሄን ሰምታ "ቀስ ማለቱን ከፈለግክማ ቡና ሲፈላ ቁጭ በል" አለችው። እሱ አቦሉን ቆሞ ነው የሚጠጣው። ቶናን በወሬ ነው የሚያውቃት፤ በረካ ላይማ ደርሶ አያውቅም። ስንት ዘመን በነፃ ስታቀርብለት የኖረችውን ነገር በዶላር ገዝቶ መምጣቱ ገርሟታል።

ካሜራው ሳጥን ነው። ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ የደበዘዘ መስታወት፣ በመሀል የሚሳብና የሚታጠፍ ወናፍ። ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው። ፊልሙ እንደምናውቀው ጥቅል አይደለም፤ አንድ አንድ ቅጠል እየሆነ ነው የሚመጣው። 4 በ5 ኢንች ይሉታል፤ ከመዳፍ ሰፋ ይላል። ድሮ ፎቶ ቤት ከምናውቀው ፊልም አንዷ ምስል ጋር ሲተያይ ስፋቱ 15 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚህ የሚበልጥ 8 በ10 የሚባልም አለ፤ እሱን እግዜር አላመጣብንም። የአንዱ ቅጠል ዋጋ ከነማጠቢያው ሲደመር ደህና ምሳ ያበላል። እና በእኔ ግምት ሰውየውን ቀስ ያሰኘው ጥበብ ሳይሆን ይሄ ሒሳብ ነው። ምሳውን በእያንዳንዷ ጠቅታ የሚያጣ ሰው አስቦ ቢጠቅ አይገርምም።

አነሳሱን ልንገራችሁ። ሦስት እግሩን ያቆማል፣ ውሃ ልኩን ያያል፣ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ወናፉን ይስባል፣ ሌንስ ይገጥማል፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ መስታወቱ ላይ ያፈጣል፣ ፎከሱን በማጉያ ያስተካክላል፣ ከጨርቁ ወጥቶ ብርሃን ይለካል፣ ሌንሱን ይዘጋል፣ የፊልሙን መያዣ ከኋላ ይሰካል፣ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደውን መከለያ ይስባል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ያነሳል፣ መከለያውን ይመልሳል። ሌንሱን ሳይዘጋ መከለያውን ከሳበ ፊልሙ ተቃጠለ፤ ምሳው ሄደ።

ይሄ ሁሉ ሰው በሌለበት አገር ይሠራ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ግን ሦስት እግር ያለው ነገር መንገድ ዳር አቁሞ ብቻውን የሚቀር ሰው የለም።

አንድ ቀን በአማኑኤል መንገድ ወጣን። ጤፉ ደርሷል፣ ጮቄ ከሩቅ ይታያል። እሱ የፈለገው ከእግሩ ስር ያለው ጤፍም፣ ማዶ ያለው ተራራም እኩል ጥርት ብለው እንዲወጡ ነው። ለዚህ ሌንሱን ወደፊት ዘንበል ማድረግ አለ። ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ የሚባል የኦስትሪያ መኮንን ከአየር ላይ የሚነሱ ፎቶዎችን ሲያቃና እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነው። እኛ ሻይምፕፍሉግ ላይ ተጠምደን ሳለን አንድ ገበሬ መጣ። ትሪፖዱን አየ። ሌላ ጠራ። ሌላው ሌላ ጠራ።

"መንገዱ በዚህ ነው የሚያልፈው?"

"የምን መንገድ? ፎቶ ነው።"

"እሱማ አውቃለሁ፤ ፎቶ አንስታችሁ ነው መጀመሪያ የምትወስዱት። ካሳው በካሬ ስንት ነው?"

እዚያው ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን መንገዱ በእኔ ማሳ አይለፍ ይላል። ሌላው ካሳው ደህና ከሆነ በእኔ በኩል ይዙር ይላል። አንድ ሽማግሌ ካሜራውን በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ "ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርገው፤ የወንድሜን ግቢ እንዳይነካ" አሉት። እሱም ለይሉኝታ ጠመዘዘው። ሻይምፕፍሉግ ተበላሸ። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ፀሐይዋም አለቀች።

ጥቁሩ ጨርቅ ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው። በእኛ አገር ጥቁር ተከናንቦ ያጎነበሰ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ከገበያ የምትመለስ አንዲት እናት እንደዚያ ሆኖ ስታየው ሸክሟን አወረደች።

"እግዜር ያጥናህ ልጄ። ማን ነው የሞተብህ?"

እሱ ከጨርቁ ስር ሆኖ፣ ሳይሰማት፣ "ፎከስ! ፎከስ ጠፋብኝ!" አለ።

"እኔን ልጄ! ነፍስ ይማር። የክርስትና ስሙስ ማን ነበር?"

ካሜራውን አስረድቶ እስኪጨርስ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትንሽ አልቅሳለች። ለፎከስ ሳይሆን ይመስለኛል፤ ነገር ከተነሳ የራስንም ማስታወስ አለ። ሰው ሸክሙን አውርዶ የሚያለቅስለት ሌላ ካሜራ አላውቅም።

የመስታወቱን ጉድ ያየ ደግሞ ከሁሉም ይገረማል። ምስሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው፤ ግራውም ቀኝ ይሆናል። ብርሃን በሌንሱ ሲያልፍ የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የሚያቃናለት መስታወት ውስጡ የለም። አንድ የቅኔ መምህር፣ የኔታ እንበላቸው፣ ይሄን ሲሰሙ እስቲ ልየው ብለው ጨርቁን ተከናነቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ዛፉ ሥሩን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ፍየሎቹ ሰማይ ላይ እየጋጡ ታይተዋቸዋል መሰል ሲወጡ "እኔ ዓለም ተገልብጧል ስል ስንት ዘመን ሰሚ አጣሁ፤ ይሄው መስታወት መሰከረልኝ" አሉ። ቀጥለውም ጠየቁት።

"ከጠዋት ጀምሮ ስንት አነሳህ?"

"አንድ።"

"ጎበዝ። ማን አረመልህ?"

እዚህ ላይ ዝም አለ። በቅኔ ቤት ወጉ እንዲህ ነው። ተማሪው ቀኑን ከየዛፉ ስር ተጠልሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት በልቡ ሲያሰናዳ፣ ይውላል፤ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ትሁን ስምንት ቤት መወድስ ማታ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ አንዷን ቃል ይጥልለታል፣ ሌላዋን ያቃናለታል። የእኛ ሰውዬ ግን ቀኑን ቆጥሮ ማታ የሚነግረው ለስልኩ ነው። ስልኩም የሚያርመው በላይክ ነው።

ስልኩ ላይ ልቆይ፤ ዋናው ጨዋታ እሱ ነውና። ትልቁ ካሜራ አንድ ቅጠል ሲያነሳ፣ ባልደረባው ሆኖ የሚከተለው ጎረምሳ በስልክ መአት ፎቶ ያነሳል። ምኑን? በካሜራው የሚያነሳውን ሰው! ጨርቁን ሲከናነብ፣ ከጨርቁ ሲወጣ፣ አድማስ አድማሱን ሲያይ፣ አገጩን ሲይዝ። አንዴማ ጨርቁን ያለ ምክንያት ደግሞ ተከናነበው፤ መጀመሪያ ሲከናነብ ፀጉሩ ጥሩ አልነበረም። ፊልሙ ሳይታጠብ የቀስታው ቪዲዮ ከነዋሽንቱ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። "ዛሬ ላይ መኖር" የሚል ጽሑፍ አለበት። ይሄን ጽፎ ሲያበቃ ስንት ሰው እንዳየው በየደቂቃው ይከፍታል። እራት ቀርቦ ይከፍታል።

የቀስታ ሰዎቹ እንደ አባት የሚያነሱት አሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ አንሴል አዳምስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ኤፍ 64 የሚባል ቡድን መሥርቷል። ኤፍ 64 የሌንሷ ቀዳዳ እጅግ ስትጠብ የምትሰጠው ቁጥር ነው፤ ቀዳዳዋ በጠበበች ቁጥር ከቅርብም ከሩቅም ያለው ጥርት ይላል፤ ብርሃኑ ፊልሙን እስኪያጠግበው ደግሞ በዚያው ልክ ይዘገያል። ጥሩ። ግን የሰውየውን ዝነኛ ፎቶ ታሪክ ስታዩት ቀስታ የሚባል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ መኪና ሲነዳ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ፣ የመቃብሮቹን መስቀሎች የመጨረሻዋ ፀሐይ ስትነካቸው ያያል። መኪናውን ገትሮ ወረደ፤ "ትሪፖዱን አምጡ፣ ያንን አቀብሉኝ" እያለ አብረውት ያሉትን አራወጠ። የብርሃን መለኪያው ጠፋ። የጨረቃዋን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቀው ነበርና ከእሱ ተነስቶ በጭንቅላቱ አሰላ። አንድ አነሳ። የፊልሙን መያዣ ገልብጦ ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል ፀሐይዋ ከመስቀሎቹ ላይ ሄደች። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው "እሱ እኮ ልምድ ነው" አለኝ። እኔም ልምድ አይደለም አላልኩትም። መሮጥ ነው ያልኩት።

ራሱም ቢሆን ሩጫ ሞክሯል። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሄደ። የሚጋልብ ፈረስ በዚህ ካሜራ! ጨርቁን ተከናንቦ ፎከሱን ሲያገኝ ፈረሱ ዳንግላ ገብቷል። በዚያው ወር አንድ ሠርግ ላይ "በጥበብ አነሳላችኋለሁ" ብሎ ቃል ገብቶ ሚዜዎቹን ደረደረ። አትንቀሳቀሱ አላቸው። ከበሮው ሲመታ የጎጃም ትከሻ አትንቀሳቀስ ቢሉት ይሰማል? የሙሽራዋ እናት ካሜራውን ዞረው አይተው "ፎቶ አንሺውስ መቼ ይመጣል?" ብለው ጠየቁ።

ማጠቡ ሌላ ነው። ማርቆስ ላይ ያሉት ፎቶ ቤቶች ፊልም ማጠብ ከተዉ ቆይተዋል፤ ጨለማ ክፍል የነበረው የምረቃ ጋውን መስቀያ ሆኗል። ስለዚህ የአክስቴ ጓዳ ተወረሰ። ፊልሙ ታጥቦ እስኪጨርስ የክብሪት ያህል ብርሃን ማየት የለበትም። መጀመሪያ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ ቀጥሎ የሚያስቆመው፣ ቀጥሎ የሚያጸናው። የሚያስቆመው አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ አክስቴ "ድፍድፌን ብታበላሽ እኔና አንተ በቃን" ብላዋለች። በከተማችን መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬ ደግሞ አንዱን ፎቶ ካልነገርኳችሁ ግፍ ነው።

አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን፤ አያ ብለን ነው የምንጠራቸው። አመሻሽ ላይ ደጃቸው ካለው ዋንዛ ስር በዱካ ላይ አስቀመጣቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ያዙ። ብርሃኑ ደክሟል፤ ቀዳዳው 32 ላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ሰከንድ ያስፈልጋል። "አያ፣ እንዳይንቀሳቀሱ" አላቸው። "ከድንጋይ ተሠርቻለሁ" አሉት። መከለያውን ሳበ። የማንሻውን ገመድ ተጫነ። ልክ በዚያች ሰከንድ ቄሱ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

አያ ደግሞ በሕይወታቸው ቄስ ሲያልፍ ተቀምጠው አያውቁም። "ኖር!" ብለው ከዱካው ብድግ አሉ። "በእግዜር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ" አሉ ቄሱ። ጠቅ። አለቀ።

ፊልሙ ሲታጠብ ዋንዛው ቅጠል በቅጠል ይቆጠራል። ዱካው ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። አያ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ ቁጭ ብለዋል፤ ሌላው ከእሳቸው ውስጥ እንደ ጭስ ወጥተው ራሳቸውን ዝቅ አድርገዋል። ጋቢያቸው በሁለቱ መሀል ነጭ መጋረጃ ሆኗል። አክብሮት መልክ ቢኖረው ይሄን ይመስላል ብዬ አሰብኩ። የአክስቴ ልጅ ግን ሦስት ቀን አኮረፈ፤ "ተበላሸ" ይላል። ስልኩ ላይም አላወጣውም። በእኔ ቤት ከሠራቸው ሁሉ ሥራ የምለው ይሄንኑ አንዱን ነው።

አያም አይተውታል። ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩትና "ሁለት ራስ አወጣህልኝ። ለመታወቂያ ግን አይሆንም" አሉ። ከዚያ ስልኩን አምጣ አሉና ግድግዳው ስር ቆመው ጉርድ ተነሱ። ያ በአንድ ጊዜ ወጣ።

አሁን ደግሞ ይሄም ፈጥኖበታል። ፊልም ዘመናዊ ነው እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 አርቸር የተባለ እንግሊዛዊ ያወጣው የመስታወት ዘዴ አለ፤ መስታወቱ ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ ብር የሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፣ እርጥብ እንዳለ ይነሳበታል፣ እርጥብ እንዳለ ይታጠባል። ለአክስቴ ሲያስረዳት ሰማሁት።

"ቢደርቅስ?" አለችው።

"ከደረቀ አለቀ። 10 ደቂቃ ገደማ ነው ያለኝ፤ መሮጥ ነው።"

"ለቀስታ ብለህ?"

"አዎ። ግን ፈሳሹ ኤተር ስላለበት እሳት አይወድም። በምትጋግሪበት ቀን ጓዳ አልገባም።"

"እሺ፣ ዋጋውስ?"

"ሄሎ?" አላት። "ሄሎ፣ ኔትወርክ እየቆራረጠ ነው።" ፊት ለፊቷ ተቀምጦ።