እርማት፦ የደረት ራጅ ንጹሕ መሆኑ ድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) አልተቀደደም ማለት አይደለም

«ፒያሳ በሚኒባስ ግጭት የተጎዳው ዘመዴ የደረት ራጁ ንጹሕ ስለሆነ ድያፍራሙ አልተቀደደም፤ ቢቀደድም በራሱ ይሽራል» ሲሉ የጻፉት ሊታረም ይገባል። የሆድ ዕቃ ገና ወደ ደረት ካልወጣ፣ በተለይም ታካሚው በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ቀዳዳውም ይሽራል ተብሎ አይተውም፤ አየር በሳብን ቁጥር የደረት ውስጥ ግፊት ከሆድ ስለሚያንስ ጨጓራና አንጀት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሳባሉ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ታንቀው ደም ሊቋረጥባቸው ይችላል። ሲቲ ስካን ከራጅ ይሻላል፤ ይሁንና በስለት የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ሊያመልጠው ስለሚችል፣ የግራ ደረቱን ታችኛ ክፍል የተወጋ ሰው ደህና ቢመስልም በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ወደ ሆድ በሚገባ ካሜራ) መታየት ይኖርበታል። በአፍንጫ የገባው የጨጓራ ቱቦ ጫፉ ተጠቅልሎ ደረት ውስጥ ከታየ ግን ክርክር አያስፈልግም፤ ዕቃው ወደ ሆድ ተመልሶ ቀዳዳው በማይሟሟ ክር ይሰፋል።