አባቴም ገበዝ ነበሩ
ያነበብሁት አንድ ጽሑፍ ስለ አንድ ገበሬና የደብር ሽማግሌ ሲያወሳ በሳምንት ስድስት ቀን እንደሚያርሱ፣ እሑድ እንደሚያስቀድሱ መግለጹ ፈገግ አሰኘኝ። ምነው ስድስት ቀን በተገኘ! ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባደግሁበት መንደር ቅዳሜም እንደ እሑድ ሞፈር ከቤት አይወጣም፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ በዚያ ላይ የደብሩ ታቦት ቀን አለ። አባቴ ገበዝ፣ ማለትም የደብሩን ንብረትና አገልግሎት የሚያስተዳድሩ፣ ስለነበሩ ከቀሩት ቀናትም እኩሌታው የእርሳቸው አልነበረም። የዕጣኑና የዘቢቡ ማለቅ፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ ከቅጥሩ ጥድ ቅርንጫፍ የቆረጠ እረኛ፣ ሁሉም እርሳቸው ዘንድ ይመጣል። ድንበር የተገፋ ሰውም እንዲሁ፤ ያውም በሐምሌ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን።

እናቴ በዚህ ታጉረመርም ነበር፤ እውነቷን ነው። አረሙን የምትነቅለው እርሷ ነበረች። ጽሑፉ ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሚስቶች አንድ መስመር እንኳ አለማስፈሩ ቅር አሰኝቶኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያንን ከነበራት ሰፊ ይዞታ ሲለያት፣ በእኛ ደብር የቀዳሹና የዲያቆኑ ድርጎ ከምእመናኑ ጎተራ የሚወጣ ሆነ። አባቴ በየዓመቱ በጥር ወር አህያ እየነዱ ከአውድማ አውድማ የሚዞሩት ለዚህ ነበር። መጀመሪያ የሚሰፍሩት ግን ከራሳቸው ነው፤ «ባዶ እጄን ሄጄ ማንን እጠይቃለሁ?» ይሉ ነበር።