«አሁንም ክላርክስተን ነህ?»

ከፋሲካ በኋላ አትላንታ ዙሪያ በተደረገ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ የማከብራቸው አንድ አባት የልጆቼን ደኅንነት ከጠየቁኝ በኋላ «ልጄ፣ አሁንም እዚያው ክላርክስተን ነህ?» አሉኝ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። የነበረበት ሐዘኔታ ነው፤ ሥራ ስለ ፈታ ወይም ሕመም ስለ ጸናበት ሰው ሲጠየቅ የሚሰማው ዓይነት ሐዘኔታ። በአካባቢያችን ያለ ብዙ አበሻ በልቡ የሚያስበውን እሳቸው በግልጽ ስለ ተናገሩት፣ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ክላርክስተን በጆርጂያ ግዛት፣ በዲካልብ ካውንቲ፣ ከአትላንታ በስተምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስፋቷ ሁለት ስኩዌር ማይል አይሞላም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር ወደ 15 ሺህ የተጠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 በባቡር ሐዲድ ዳር በከተማነት ስትታወቅ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፤ እንዲያም ሆና መቶ ዓመት ያህል ቆየች። አትላንታ ስትሰፋ በ1970ዎቹ ብዙ አፓርታማዎች ተሠሩባት፤ የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች ወደ ሩቅ ዳርቻዎች ሲሄዱ ግን ቤቱ ባዶ ቀረ፣ ኪራዩም ረከሰ። ርካሽ ቤትና ወደ አትላንታ የሚያደርስ አውቶቡስ በአንድ ቦታ ያገኙት የስደተኛ አስፋሪ ድርጅቶችም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰዎችን እዚህ ማስፈር ጀመሩ። ቬትናማዊው፣ ቦስኒያዊው፣ ሶማሊያዊው፣ ኢትዮጵያዊውና ኤርትራዊው፣ ኮንጎያዊው፣ ከቡታን የተባረረው፣ ሶርያዊውና አፍጋናዊው በየዘመኑ ጦርነት ተራ በተራ ገባ።

ለእኛ ሰው ክላርክስተን የሚታለፍ ቦታ ነው። እዚህ ይገባል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ጥቂት ዓመት ይቆጥባል፣ ከዚያም ሊልበርን፣ ስኔልቪል ወይም ሎውረንስቪል ቤት ገዝቶ ይወጣል። መውጣቱ የስኬት ምልክት ሆኗል፤ የቀረውም ያልተሳካለት ተደርጎ ይታያል። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ። ይህ አስተሳሰብ ከተማዋንም እኛንም እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከመከራከሬ በፊት ግን እዚህ መኖር ምን እንደሚመስል ልናገር።

በሰሜን ግዛቶች የኖሩ ወገኖቻችን ወደ ጆርጂያ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያስገርማቸው ሰላምታው ነው። የማያውቁት ሰው በመንገድ ሲያልፍ እንዴት ዋሉ ይላል፤ ዝም ብሎ ማለፍ እንደ ኩራት ይቆጠራል። ልጆች ለታላቅ ሰው «የስ ማም»፣ «የስ ሰር» ብለው ይመልሳሉ። አንዲትን ታላቅ ሴት በባዶ ስሟ መጥራት ነውር ስለ ሆነ፣ ያገባችም ብትሆን፣ የልጅ ልጅ ያየችም ብትሆን፣ ከስሟ በፊት «ሚስ» ይባላል። ልጆቼ ጎረቤታችንን እንዲህ ሲጠሯቸው ስሰማ፣ በተወለድኩበት ሰፈር «እትዬ» ብለን የምንጠራቸው እናቶች ይታወሱኛል። «አንተ»ንና «እርስዎ»ን የማይለየው እንግሊዝኛ በደቡብ ሰው አፍ አክብሮትን በሌላ መንገድ ይዞት አገኘሁት።

እኚህ ጎረቤታችን ከሰባ ዓመት ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። የተግባባነው በጎመን ነው። አንድ ቅዳሜ ከመኪናዬ የማወርደውን ትልልቅ የጎመን እስር አይተው እንዴት እንደምንሠራው ጠየቁን፤ እዚህ አገር ያለ አበሻ ለጎመን ወጥ የሚገዛው ቅጠል የደቡብ ሰው «ኮላርድ» ብሎ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲበላው የኖረው ነው። እሳቸው ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ለሰዓታት ያበስሉታል፣ መረቁንም አይደፉትም፣ በበቆሎ ዳቦ እያጠቀሱ ይጨርሱታል። ወጥ ቤታችን ገብተው ዘንጉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቅጠሉን በአንድ ስበት ሸልቅቀው ሲያወርዱት ያየች ባለቤቴ፣ «እናቴም እንዲሁ ነው የምታደርገው» አለችኝ። አሳማ እንደማንበላ ከነገርናቸው ወዲህ ለእኛ የሚልኩትን በተጨሰ የተርኪ ሥጋ ይሠሩታል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ባዶ ድስት ይዘው መጥተው ከእኛ ይወስዳሉ።

ኑሮው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአፓርታማዎቹ መግቢያ ሰው የሚሰበስቡ ቫኖች ይቆማሉ። ወደ ጌይንስቪል ይሄዳሉ፤ ራሷን የዓለም የዶሮ ዋና ከተማ ብላ የምትጠራው ያቺ ከተማ ከእኛ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። እንግሊዝኛ የማይጠይቅ ሥራ ያለው እዚያ ስለ ሆነ የብዙ መጤ የመጀመሪያ ደመወዝ ከዶሮ መበለት የሚገኝ ነው። እኔም ስምንት ወር ሠርቼበታለሁ። ከቅዝቃዜው የተነሣ ቤት ስደርስ ጣቶቼ አልታጠፍ ስለሚሉኝ የልጄን የልብስ ቁልፍ የምትቆልፍለት ባለቤቴ ነበረች። መኪና የሌለው ደግሞ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሣር ላይ፣ በጆርጂያ የሐምሌ ወበቅ፣ የገበያ ፌስታል በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ከተማዋን ለሁለት በሚከፍለው ሐዲድ ላይ የዕቃ ባቡር መሻገሪያውን ዘግቶ ሲቆም፣ በዚህኛው ወገን ያለው በዚያኛው ወገን ወዳለው አውቶቡስ እያየ ይጠብቃል።

የደቡብን ታሪክ ሳያነሡ ስለ ደቡብ ከተማ መጻፍም አይቻልም። ከእኛ ጥቂት ማይሎች ወደ ምሥራቅ ስቶን ማውንቴን አለ። ጥቁሮችን በሽብር ሲያሳድድ የኖረው የነጭ ዘረኞች ማኅበር ኩ ክላክስ ክላን እ.ኤ.አ. በ1915 ዳግም የተመሠረተው በዚህ ተራራ ላይ ነው፤ በገደሉ ላይም የኮንፌደሬሽን፣ ማለትም ባርነትን ለማቆየት ከአሜሪካ ተገንጥለው የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች፣ ሦስት መሪዎች ምስል ተቀርጾ በ1972 ተጠናቋል። በክላርክስተን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2006 ከንቲባው በከተማው ፓርክ እግር ኳስ እንዳይጫወት ከለከሉ፤ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ኳሱን የሚጫወቱት የስደተኛ ልጆች እንደ ነበሩ ማንም ያውቅ ነበር። ጉዳዩ በ2007 መጀመሪያ በአገር አቀፍ ጋዜጣ ወጣ፣ ልጆቹም ሜዳውን አገኙ። ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ ልጅ የት ኳስ እንደሚጫወት የሚወስነው ዋሽንግተን ሳይሆን የከተማው ማዘጋጃ ቤት መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

መከራከሪያዬም ይኸው ነው። ከተማችንን የሚመሩት ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት ሲሆኑ፣ የሚመረጡትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቁጥሩ ጎደሎ በሆነ ዓመት በኖቬምበር ነው። የአገር መሪ የሚመረጥበት ዓመት ስላልሆነ ሰው አይወጣም፤ አንድ ወንበር በጥቂት መቶ ድምፅ ይያዛል። በሌላ በኩል ስደተኛ ሆኖም ሆነ በዲቪ የመጣ ሰው ዜግነት እስኪጠይቅ አምስት ዓመት ያህል ይጠብቃል። አምስት ዓመት ደግሞ አበሻ ቆጥቦ ከክላርክስተን የሚወጣበት ጊዜ ነው። ድምፅ የሌለን ሳለን እዚህ እንኖራለን፣ ድምፅ ባገኘን ማግስት እንሄዳለን። ከኤርትራና ከሶማሊያ የመጡ ሰዎች ተወዳድረው በዚህ ምክር ቤት ተቀምጠዋልና ነገሩ የማይሞከር አይደለም።

ምክር ቤቱ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዲካልብ መራጮች አጽድቀውት በ2023 ያደሱት ከዶላር ላይ አንድ ሳንቲም የሚሰበስብ የሽያጭ ግብር አለ፤ ከተማዋ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሳትን ድርሻ ለመንገድና ለእግረኛ መሄጃ ታውላለች። ሳንቲሟን ዜጋውም ስደተኛውም ጫማ በገዛ ቁጥር ይከፍላታል፤ የየትኛው አፓርታማ በር መጀመሪያ መሄጃ ይሠራለት የሚለውን የሚወስኑት ግን የተመረጡት ናቸው። የቤት ጉዳይም እንደዚያው ነው። የጆርጂያ ሕግ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ እንዳይወስኑ ይከለክላል፤ የሕንፃ ደንብ ማስከበርና ተቆጣጣሪ መላክ ግን በከተማው እጅ ነው። ቀድሞ በተከራየንበት ቤት በልጆቹ መኝታ ግድግዳ ላይ የወጣውን ሻጋታ አከራያችን ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባበት፤ በአራተኛው የከተማው ተቆጣጣሪ ከመጣ በኋላ ግድግዳው ተፈርሶ የሚያፈሰው ቧንቧ ተገኘ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በጸናው የግዛቱ ሕግ መሠረት ደግሞ የሚከራይ ቤት ለሰው መኖሪያ የሚበቃ መሆን አለበት፣ የመያዣ ገንዘቡም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ኪራይ ያዘገየ ሰውም ፍርድ ቤት ከመከሰሱ በፊት የሦስት የሥራ ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ይህን በአማርኛ በየቤቱ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ብዙ እናት ያለ ሙግት ዕቃዋን ጭና ባልወጣች።

አሁን ነገሩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዙ ዕለት በፈረሙት ትዕዛዝ የስደተኞች ቅበላ ተቋረጠ። ዐርባ ዓመት ሊሞላ ለተቃረበ ጊዜ ይህችን ከተማ ያቆያት አንዱ ሲወጣ ሌላው መተካቱ ነበር። መተካቱ ከቆመ፣ የክላርክስተን ዕጣ የሚወሰነው አስቀድሞ ገብቶ ሥር በሰደደው ሰው ነው። ቤት ግዙ፣ ልጆቻችሁን የተሻለ ትምህርት ቤት አስገቡ፤ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም የሚከራይ ቤት እዚህ ያላችሁ፣ እናታችሁም እዚህ የምትኖር ሁሉ፣ ለምክር ቤቱ ስብሰባ በወር አንድ ምሽት ስጡ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለመግባት ዜግነት አይጠየቅም። እዚሁ እየኖራችሁ ዜግነት ያገኛችሁ ደግሞ ተመዝገቡ፣ በጎደሎው ዓመትም ውጡ።

ዜጋ ሆኜ ለከተማው ምክር ቤት መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁት በኖቬምበር 2021 ነው። ጎረቤታችን «ብቻህን አትሄድም» ብለው አብረውኝ መጡ። እናታቸው በጆርጂያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት ጥቁሮች እንዳይመርጡ የተደረገውን እገዳ ካስቀረው ከ1965ቱ (እ.ኤ.አ.) የምርጫ መብት ሕግ በኋላ መሆኑን፣ ያን ቀን የለበሱትንም የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ወረፋ ይኖራል ብዬ ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር። ስንደርስ ከፊታችን የቆሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከአራቱ አንድም አበሻ አልነበረም።